ግብሩን የሸሸገ ኩባያ

ባለፈው ክረምት በአሜሪካ አገር፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በተባለው ከተማ በምትኖረው በታላቅ እህቴ ቤት ጥቂት ሳምንታት በእንግድነት በቆየሁበት ጊዜ፣ አንድ ማለዳ ቤተሰቡ ገና ከእንቅልፉ ሳይነሣ ወደ ወጥ ቤት ገብቼ፣ ከማታው ጀበና የተረፈውን ቡና አሙቄ ለመጠጣት ከመደርደሪያው ላይ እጄ የደረሰበትን ኩባያ አነሣሁ። ኩባያው እንደ ሌሎቹ ሁሉ ከሸክላ የተሠራና ሰማያዊ ቀለም የተለበጠ ሆኖ፣ በእጅ ሲይዙት ከባልንጀሮቹ ጥቂት ከበድ ይላል፤ በፊቱ በኩል የአውራ ጣት ጫፍ የምታስገባ ትንሽ ጎድጓዳ ወጣ ብላበታለች፤ በእጀታውም ራስ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለችበት። ቡናውን ቀድቼ ወደ አፌ ባስጠጋሁት ጊዜ ከቡናው መዓዛ ቀድሞ የተቃጠለ ቅጠል ሽታ ተቀበለኝ።

ይህ ምን ይሆን እያልሁ ኩባያውን ሳገላብጥ የእህቴ ልጅ ከመኝታ ክፍሉ ወጥቶ አየኝ፤ ባየኝም ጊዜ ፊቱ ተለዋወጠ። «ጋሼ፣ በእሱ አይጠጡ፤ ሌላ ልስጥዎ» አለኝ። ምክንያቱን አጥብቄ ብጠይቀው፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ዕቃው ኩባያ ብቻ እንዳልሆነ፣ በፊቱ ያለችው ጎድጓዳ ካናቢስ የሚጨመርባትና እሳት የሚለኮስባት፣ የእጀታው ቀዳዳም ጢሱ የሚሳብባት መሆኗን ነገረኝ። ልጁ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ ሠርቶ የሚያድር፣ እናቱንም የሚጦር ሰው ነው። እህቴ ግን ያን ኩባያ ከሌሎቹ ጋር ስታጥብ ከዓመት በላይ እንዳለፋት፣ ቀዳዳይቱንም ዕቃው በምስማር እንዲሰቀል የተበጀች አድርጋ ትቈጥራት እንደ ነበር ኋላ ከራሷ አፍ ሰማሁ። በዚያ ኩባያ ለእንግዳ ሻይ ቀርቦበታል። የአራት ዓመቷ የልጅ ልጇም ሰማያዊው ካልሆነ ወተቴን አልጠጣም ትል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ስከታተለው፣ ይህ ዓይነቱ ዕቃ የአንድ ቤት ብቻ ድንገተኛ ነገር አለመሆኑን፣ በአሜሪካ በየስጦታ ዕቃ ሱቁና በፖስታ በሚላከው ንግድ ለገበያ የሚቀርብ የታወቀ ሸቀጥ መሆኑን ተረዳሁ። አሠራሩ ብልሃት አያንሰውም። መጠጡ የሚፈስበት ሆድ ለብቻው ተዘግቶ የተሠራ ነው፤ ከፊት ካለችው ጎድጓዳ የሚነሣ ቀጭን መተላለፊያ በኩባያው ግድግዳና ግርጌ ውስጥ ተሰውሮ አልፎ፣ ባዶ ሆኖ በተሠራው እጀታ ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ አጫሹም ሲፈልግ በከንፈሩ ጠርዙን ይዞ ቡናውን ይጠጣል፣ ሲፈልግ እጀታውን ወደ አፉ መልሶ ጢሱን ይስባል። ቡናውና ጢሱ በአንድ ዕቃ ያድራሉ እንጂ አይገናኙም። የሸክላ ሠሪውን እጅ ለማመስገን እወዳለሁ፤ እንዲህ ያለውን መተላለፊያ ሳይሰነጠቅ በእሳት መተኰስ ቀላል ሥራ አይደለምና። የምቃወመው የእጁን ጥበብ ሳይሆን እጁ የታዘዘለትን ዓላማ ነው።

አንባቢ አስቀድሞ እንዲረዳልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። እኔ ይህን የምጽፈው ጢስና መጠጥ በአንድ ገበታ መገናኘታቸው እንግዳ ስለ ሆነብኝ አይደለም። የእኛ የቡና ሥርዓት ያለ ጢስ አይፈጸምም፤ ቄጠማው ተጐዝጕዞ፣ ሲኒው በረከቦቱ ላይ ተደርድሮ፣ ፍሙ በማጨሻው ላይ ሆኖ ዕጣኑ ሲጤስ ነው ቡናው ቡና የሚባለው። ቋንቋችንም ቢሆን ዕጣን ለሚያጤሰውና ትንባሆ ለሚያጨሰው ከአንዱ ከጢስ ግንድ የበቀለ ቃል ሰጥቷል። ነገር ግን ማጨሻው በግልጥ ማጨሻ ነው፤ ሲኒውም በግልጥ ሲኒ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አገልግሎት ይፈጽማሉ፤ የዕጣኑም ጢስ ለቤቱ ሁሉ ወጥቶ ይታያል፣ ይሸታል፣ ማንም ከማን አይሰውረውም። ቅዱሱን ከተራው ጋር ለማስተካከል ሳይሆን ሥርዓቱ ከየት እንደ መጣ ለማሳየት ያህል፣ በቤተ ክርስቲያናችን ንዋየ ቅድሳት ዘንድም ጽዋው ለጽዋነቱ፣ ጽናው ለማዕጠንትነቱ ተለይቶ፣ አንዱ የሌላውን ግብር ሳይወስድ የሚኖር መሆኑን ማንም ቅዳሴ ያስቀደሰ ሰው ያውቃል።

ከቤተ መቅደስ ወጥተን ወደ ገበሬው ጎጆ ብንሄድም ነገሩ ይኸው ነው። ቅል በአገራችን ብዙ ሥራ አለው። ከአንዱ ሐረግ ከበቀሉት ቅሎች አንዱ ተፈቅፍቆ ሽክና ይሆንና ጠላ ይቀዳበታል፤ ሌላው ውኃ ተሞልቶ፣ መቃ ተሰክቶበት፣ በመቃው ራስ ላይ የሸክላ ማንደጃ ተደርጎለት ጋያ ይሆናል። ስለዚህ የመጠጡንና የጢሱን ዕቃ ከአንድ ዓይነት ነገር መሥራት የአሜሪካ ሰው አዲስ ግኝት አይደለም፤ የእኛ ሰዎች ከጥንት ያውቁታል። የቱም ቤት ግን ሽክናውን ጋያ፣ ጋያውን ሽክና አላደረገም። ጋያው በቤቱ ጥግ ይቆማል፤ ልጅ ያየዋል፣ እንግዳ ያየዋል፣ ሚስት ባሏን ስትገሥጽ ወደ እርሱ በጣቷ ታመለክታለች። ስለ ጋያ ጥቅም ልመሰክር አይደለም፤ ጢስን በውኃ ውስጥ አሳልፎ መሳብ ከጉዳት እንደማያድን፣ እንዲያውም የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ምክር እንዳስታወቀው በውኃ ዕቃ የሚያጨስ ሰው በአንድ መቀመጫ 100 ወይም ከዚያ የሚበልጥ ሲጋራ ያጨሰ ሰው የሚስበውን ያህል ጢስ ሊስብ እንደሚችል አውቃለሁ። የምለው፣ ጋያው ጉዳቱን ይዞ ስሙን አልደበቀም ነው።

ካናቢስም ራሱ ቢሆን ትናንት ከባሕር ማዶ የመጣብን እንግዳ ነው ብለን ልንመጻደቅ አንችልም። በጣና ሐይቅ አቅራቢያ ባለና፣ ከቅዱስ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር ግንኙነት በሌለው፣ የላሊበላ ዋሻ በሚባል ሥፍራ በተደረገ ቁፋሮ ከሸክላ የተሠሩ የፒፓ ራሶች ተገኝተው፣ ዘመናቸው በግምት እ.ኤ.አ. 1320 ገደማ ሆኖ፣ በውስጣቸው የቀረው ዝቃጭ በኬሚስትሪ ሲመረመር የካናቢስ ምልክት እንደ ተገኘበት ተመራማሪው ኒኮላስ ፋን ደር ሜርዌ እ.ኤ.አ. በ1975 አስታውቋል። ይህ እንግዲህ ትንባሆ ከአሜሪካ ምድር ወደ ቀረው ዓለም ከመሻገሩ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ያ ስሙ ያልታወቀ የጣና ዳር ሰው ያጤሰው በምን ፈቃድና ለምን ዓላማ እንደ ሆነ መሬቱ አልነገረንም፤ ይሁን እንጂ ፒፓውን ፒፓ አድርጎ ስለ ሠራው፣ ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ከአፈር ያወጣው ሰው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ አልተቸገረም። የእህቴን ልጅ ኩባያ ግን ዕቃው ገና ሙቅ ሳለ፣ በየቀኑ የምታጥበው እናቱ አላወቀችውም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ መከራከሪያ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። ዛሬ በክብር የምንጠጣው ቡና ራሱ በክርስቲያኑ ዘንድ ለብዙ ዘመን የተነቀፈ መጠጥ ነበር፤ የእስላም መጠጥ ነው እየተባለ ካህናቱ ይከለክሉት ነበር፤ ክልከላው እየላላ የሄደው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ያን ጥርጣሬ በማስወገድ ረገድ ይጠቀሳሉ። እንግዲያስ ዛሬ በኩባያው ላይ የሚነሣው ነቀፋ ነገ እንደ ቡናው ነቀፋ የሚረሳ አይደለምን የሚለኝ ወጣት ይኖራል። ጥያቄው ቀና ነው፤ መልስም ይገባዋል። እኔ እስከ ገባኝ ድረስ ቡና ክብሩን ያገኘው ራሱን ሌላ ነገር በማስመሰል አይደለም። በውኃ ማሰሮ ውስጥ ተሸሽጎ አልገባም፤ በጀበናው፣ በሲኒው፣ በሽታው፣ በሙቀጫው ድምፅ ሳይቀር «ቡና ነኝ» እያለ በአደባባይ ተከራክሮ ነው ያሸነፈው። ካናቢስም መከራከር ከፈለገ በአደባባይ ይከራከር፤ የምግባርና የሕክምና ሊቃውንት ይመርምሩት፣ መንግሥታት ይፍረዱበት። የቡና ኩባያ ለብሶ በቤታችን መደርደሪያ ላይ መውጣት ግን ክርክር አይደለም።

ደግሞም መሸሸግ ከየት እንደ ተወለደ ሳላወሳ ባልፍ ፍርዴ ጐዶሎ ይሆናል። ሰው ግብሩን የሚሸሽገው ከሚፈራው ነው። በአጼ ዮሐንስ 4ኛ ዘመነ መንግሥት ትንባሆ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው እንዲቈረጥ መታዘዙ በታሪክ ተጽፏል፤ ሃይማኖታቸውን ለማጽናት የነበራቸውን ቅንዓት ባከብርም፣ ሰውን በአካሉ ላይ እንዲህ መቅጣት ጭካኔ እንደ ነበረ ለመናገር አላፍርም፤ እንዲህ ያለ ቅጣትም ልማዱን ከአገሩ እንዳላጠፋው ጋያው እስከ ዛሬ መቆየቱ ምስክር ነው። በአሜሪካም ታሪኩ መልኩ ይለይ እንጂ ጠባዩ ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለአደንዛዥ ዕፅ መጠቀሚያ የሚሆኑ ዕቃዎችን ሽያጭ ሲከለክል፣ ከብረት፣ ከእንጨት፣ ከመስታወት፣ ከድንጋይና ከሴራሚክ የተሠሩትን ፒፓዎች አንድ በአንድ ጠራቸው፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003 በአገሪቱ ሁሉ በተደረገው ዘመቻም የፊልም ተዋናይ የሆነው ቶሚ ቾንግ በመስታወት ጢስ መሳቢያ ንግድ ምክንያት ተከስሶ ዘጠኝ ወር እስራት ተፈረደበት። በእንዲህ ያለው ዘመን እስክሪብቶ የሚመስል፣ የከንፈር ቀለም የሚመስል፣ በስተኋላም ኩባያ የሚመስል ፒፓ መሥራት የሚያዋጣ ንግድ መሆኑ የሚያስደንቅ አይደለም።

አሁን ግን የተፈራው ፖሊስ ሄዷል። በሜሪላንድ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ሰው ካናቢስን በተወሰነ መጠን መያዝና መግዛት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ተፈቅዶለታል። በጎረቤቷ በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ2014 ድምፁን ሰጥቶ፣ ከየካቲት 2015 ጀምሮ እስከ 56 ግራም የሚሆነውን መያዝ ሲፈቀድ ሽያጩ ሳይፈቀድ በመቅረቱ፣ ብዙ ሱቆች ተለጣፊ ሥዕል ወይም ከናቴራ ሸጠናል እያሉ ካናቢሱን «ስጦታ» ብለው ሲያድሉ ኖረዋል። የብዙ ወገኖቻችን ሱቅና ምግብ ቤት በዚያች ከተማ ስለ ሆነ፣ ይህን የማያውቅ የዲሲ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ከናቴራው የሽያጩ ጭምብል ነበር፤ ኩባያውም የፒፓው ጭምብል ነው። ልዩነቱ፣ የከናቴራው ጭምብል ከሕጉ ለማምለጥ የተበጀ መሆኑ ነው። የእህቴ ልጅ ኩባያ ግን የግዛቱ ሕግ የሚከለክለውን አይሸሽግም። ታዲያ የሚሸሽገው ከማን ነው?

ይህን ጥያቄ ለልጁም አቅርቤለታለሁ። ብዙ ካመነታ በኋላ «ከእማዬ ነው» አለኝ። ቀጥሎም፣ ሕጉን እንደማይጥስ፣ በቤቱም ውስጥ ሳይሆን በጓሮ በረንዳ ላይ ሆኖ እንደሚያጨስ፣ ነገር ግን እናቱ ፒፓ ብታይ እንደምታለቅስ፣ ኩባያ ብታይ ግን እንደማትጠይቅ አስረዳኝ። መላ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሕግ ሲላላ በሕጉ ፋንታ መሥራት የሚገባው የቤተሰብ ንግግር ነበር፤ እናት ትጠይቃለች፣ ልጅ ይመልሳል፣ ይቈጣሉ፣ ይታረቃሉ፣ ምናልባትም የንስሐ አባት ይጠራል። ኩባያው የቀማቸው ይህን ንግግር ነው። በስደት አገር እናትና ልጅ ቋንቋቸውና ሰዓታቸው ተለያይቶ፣ አንዱ ከሥራ ሲገባ ሌላው ሲወጣ፣ ብዙ ጊዜ የሚገናኙት በወጥ ቤቱ ዕቃ ዘንድ ብቻ ነው፤ እርሷ ያጠበችውን እርሱ ያነሣል፣ እርሱ ያስቀመጠውን እርሷ ታጥባለች። ያ የመጨረሻው የመገናኛ ሥፍራ ሐሰት ሲናገር ማየት ልቤን አሳዝኖታል።

በዓለም ላይ ሁለት ግብር ያለው ዕቃ ሁሉ ክፉ ነው አልልም። በ18ኛው መቶ ዓመት የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ይዘውት የነበረው፣ በአንድ ወገኑ ምሣር፣ በሌላው ወገኑ ፒፓ የሆነ ቶማሆክ በስምምነትና በስጦታ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር፤ ጦርነትም ሰላምም በአንድ ዘንግ ላይ ሁለቱም ለሁሉ በሚታይ መልክ ተቀምጠውበታል። ምሣሩ ፒፓውን አልሸፈነውም።

ዘመናችን በትንባሆ ላይ የደነገገው ሕግ ሁሉ ቢመረመር፣ መንፈሱ ነገሩ ራሱን በፊቱ ላይ እንዲናገር ማድረግ ነው። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም የጤና ድርጅት የትንባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት፣ በ16ኛው አንቀጹ፣ በትንባሆ ውጤት መልክ ተሠርተው ሕፃናትን የሚስቡ ከረሜላዎች፣ መጫወቻዎችና ሌሎች ዕቃዎች እንዳይሠሩና እንዳይሸጡ መከልከልን አገሮች ሊወስዷቸው ከሚችሉት እርምጃዎች አንዱ አድርጎ ይጠቅሳል። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም ከሲጋራው ፓኮ የፊትና የኋላ ገጽ 70 በመቶ የሚሆነው በሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትንባሆ እንዳይሸጥ፣ ሺሻም ከገበያ እንዲወጣ ወስኗል። ሕግ አውጪዎቹ ሲጋራ የሚመስለውን ከረሜላ አስቀድመው አይተዋል፤ የወተት ኩባያ የሚመስለውን ፒፓ ግን በዚያ አንቀጽ አላዩትም። መልኩ ከትንባሆ የተወሰደውን ንጹሕ ነገር የሚከለክል ድንጋጌ፣ መልኩ ከንጹሕ ነገር የተወሰደውን የጢስ ዕቃ በቃሉ አይደርስበትም፤ ሕፃን ልጅ ወደ አፏ በማስጠጋቷ ረገድ ግን ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል እንጂ አያንስም። በዚህ ረገድ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 ከሰጠው ፍርድ የምንማረው አለ፤ ፍርድ ቤቱ አንድ ዕቃ ለአደንዛዥ ዕፅ የተበጀ መሆን አለመሆኑ የሚመዘነው በሻጩ የልብ ሐሳብ ሳይሆን ገዢዎች በተለምዶ ሊጠቀሙበት በሚችሉበት ግብር ነው ብሏል። በአገራችን ካናቢስን ማምረትና መነገድ በወንጀል ሕጋችን የተከለከለ ስለ ሆነ ጉዳዩ ሩቅ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን በሻንጣና በጥቅል ወደ አዲስ አበባ የሚገባውን ስጦታ የሚያይ የጉምሩክ ሠራተኛ ኩባያን እንደ ኩባያ ማሳለፉ የማይቀር ነው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመሪያዎቹን በሚያሻሽልበት ጊዜ፣ የጢስ ዕቃ በመልኩ ሳይሆን በግብሩ እንዲተረጐም አንዲት ሐረግ ቢጨምር ብዙ ድካም አይጠይቀውም።

በውጭ አገር ላሉት ወገኖቼ ደግሞ፣ በተለይ በስጦታ ዕቃ ንግድ ለተሰማሩት፣ የምለምናቸው ይህንኑ ነው፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ መሸጥ ሕጉ ቢፈቅድላቸው እንኳ ከሲኒና ከኩባያ መደርደሪያ አውርደው፣ ስሙን ጽፈው፣ ለአዋቂ ብቻ በሚሸጠው ወገን ያኑሩት። ገዢውም ቢሆን ይጐዳል እንጂ አይጠቀምም። በግድግዳው ውስጥ የተሰወረው ቀጭን መተላለፊያ የጢሱን ዝፍት ሲይዝ፣ ስፖንጅም ጣትም አይደርስበትም፤ በቀጭን ብሩሽና በአልኮል ካልተፈቀፈቀ በቀር እያደር ይጠቍራል፣ ይሸታል። እህቴ በየማለዳው በሙቅ ውኃና በሳሙና ያጠበችው የውጭውን ሰማያዊ ብቻ ነበር።

እህቴ ነገሩን በሰማችበት ዕለት አላለቀሰችም፤ ልጇ እንደ ፈራው አልሆነችም። ዝም ብላ ኩባያውን ተቀብላ፣ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ፣ በቀዳዳዋ ውስጥ ትክ ብላ ተመለከተች። ከዚያም «ይህን ያህል ጊዜ ያጠብሁት ይህንን ኖሯል?» አለችና መልሳ ሰጠችው። በዚያች ማታ ሁለቱ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እስከ እኩለ ሌሊት ሲነጋገሩ ድምፃቸው ከክፍሌ ይሰማኝ ነበር፤ ምን እንደ ተባባሉ አልጠየቅሁም። በማግሥቱ ኩባያው ከመደርደሪያው ወርዶ በልጁ ክፍል በተቈለፈ መሳቢያ ውስጥ ገብቷል፤ በቦታውም እህቴ ከአዲስ አበባ ያመጣቻቸው ሲኒዎች ተደርድረዋል። ሕፃኗ ግን እኔ እስከ ተመለስሁበት ቀን ድረስ፣ ወተቷ በቀረበላት ቍጥር፣ ሰማያዊው የት ሄደ እያለች መጠየቋን አልተወችም።